ቀለም ከኤክስፖርት በኋላ ለምን ይለወጣል? ከሰባ ዓመት በላይ የተከማቹ ስምምነቶች ታሪክ

ዲሴምበር 17 ቀን 1953 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የቀለም ቴሌቪዥን ስርጭት የሚመራበትን ደንብ አጸደቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደንቡን ያረቀቁት መሐንዲሶች አንድ ከባድ ግዴታ ነበረባቸው። በየሰዉ ሳሎን የተቀመጡት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኖች አዲሱን የቀለም ስርጭት እንዳሉ መቀበል መቻል ነበረባቸው። ብልሃቱም ተገኘ። ምስሉ በሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ክፍል ብርሃኑን ብቻ ይዞ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ቀለሙን ለብቻው ይሸከማል። የድሮው ቴሌቪዥን ብርሃኑን ወስዶ ቀለሙን ይተወዋል፤ አዲሱ ግን ሁለቱን መልሶ ያዋህዳል።

ዛሬ በኮምፖዚቲንግ ሶፍትዌር (ምስሎችን በሚያደራርብ መሣሪያ)፣ ለምሳሌ በኑክ ወይም በአፍተር ኢፌክትስ፣ ሥራውን ጨርሶ ቪዲዮውን ኤክስፖርት የሚያደርግ ባለሙያ ያንኑ ብልሃት እየተጠቀመ ነው። ኤምፒ4 ፋይሉ ውስጥ ያለው ምስል አሁንም ብርሃንና ቀለም ተብሎ የተከፈለ ነው። ታዲያ ፋይሉ ሲከፈት ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ሲያደላ፣ ጥቁሩ አመድ ሲመስል ወይም የሰው ፊት ሲገረጣ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ኮምፒውተሩን ወይም ሶፍትዌሩን ነው። አንዳንዱም ኮንትራስት ጨምሮ፣ ቀለም አጉልቶ እንደገና ኤክስፖርት ያደርጋል። ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማሽን ብልሽት የመጣ አይደለም። በተለያየ ዘመን የተደረጉ ስምምነቶች በአንድ ፋይል ውስጥ ተገናኝተው ነው። የትኛው ስምምነት ከየትኛው ጋር እንደተጋጨ ለማወቅ ደግሞ የየአንዳንዱን ታሪክ ማወቅን የሚተካ አቋራጭ የለም።

ስም የሌለው ቁጥር

ነገሩ የሚጀምረው ከቴሌቪዥን በፊት ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሁለት እንግሊዛውያን፣ ዴቪድ ራይትና ጆን ጊልድ፣ ሳይነጋገሩ ተመሳሳይ ሙከራ አካሄዱ። ተመልካቹ በትንሽ መስኮት እንዲያይ ይደረጋል። በመስኮቱ ግማሽ አንድ የተወሰነ ቀለም ያለው ብርሃን ይበራል። በሌላው ግማሽ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይቀላቀላሉ። ተመልካቹ ሁለቱ ግማሾች አንድ እስኪመስሉት ድረስ ሦስቱን ብርሃኖች ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ራይት 10፣ ጊልድ 7 ተመልካቾች ነበሯቸው። በ1931 ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን የሁለቱን ውጤት አዋህዶ የሰው ዓይን የሚያየውን ቀለም ሁሉ በሦስት ቁጥሮች የሚገልጽ ሥርዓት አወጣ። ዛሬ በስልክም ሆነ በሲኒማ ስክሪን ላይ የሚታይ ቀለም ሁሉ በመጨረሻ የሚለካው በእነዚያ 17 ሰዎች ዓይን ነው።

ከለር ስፔስ የሚባለው ነገር የዚህ ሥራ ልጅ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ቀይ 255፣ አረንጓዴ 0፣ ሰማያዊ 0 ተብሎ ሲጻፍ ቁጥሩ ራሱ ምንም ቀለም አይናገርም። የየትኛው ቀይ 255? ከለር ስፔስ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ስምምነት ነው። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው በ1931ዱ ካርታ ላይ የት እንደሚገኙ፣ ነጩ የትኛው ነጭ እንደሆነ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ በምን መጠን እንደሚጨምር ይወስናል። ይህ ሳይነገር ፋይል ማቀበል «አምስት» ብሎ ቁና ይሁን ኩንታል ሳይናገር እህል እንደመሸጥ ነው።

ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ሲያደላ

የ1953ቱ የአሜሪካ ሥርዓት፣ ኤንቲኤስሲ፣ ብርሃኑን የሚያሰላበት ቀመር ነበረው። ዓይን ለአረንጓዴ ይበልጥ ንቁ ስለሆነ አረንጓዴው ወደ 59 ከመቶ፣ ቀዩ 30 ከመቶ፣ ሰማያዊው 11 ከመቶ ድርሻ ያዙ። እነዚህ ድርሻዎች የተሰሉት በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥን ስክሪን በሚቀባበት፣ ፎስፈር በሚባለው አብሪ ቅብ ቀለም ላይ ተመሥርቶ ነው።

ፎስፈሩ ግን ብዙ አልቆየም። በ1960ዎቹ የቴሌቪዥን አምራቾች ከቀለም ጥልቀት ይልቅ ድምቀትን መረጡ፤ ገበያ የሚስበው ብሩህ ስክሪን ነበርና። የአዲሶቹ ስክሪኖች አረንጓዴ ከ1953ቱ አረንጓዴ የሳሳ ነበር። ደንቡ በወረቀት እንዳለ ቀረ፤ ሳሎን ውስጥ ያለው ዕቃ ግን ተለወጠ። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር በተግባር የሚሠራበትን አዲስ ቀለም በጽሑፍ ያሰፈረው በ1987 ነው። አውሮፓውያንም የራሳቸውን አወጡ።

አውሮፓ ቀድሞም ቢሆን በራሷ መንገድ ሄዳለች። በኤንቲኤስሲ ስርጭት ቀለም በመንገድ ላይ ትንሽ ከተዛባ የሰው ፊት ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ ስለነበር የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ተመልካቹ ራሱ የሚያስተካክልበት ማዞሪያ ነበራቸው። ጀርመናዊው ቫልተር ብሩክ በቴሌፉንከን ኩባንያ ያወጣው ፓል የቀለሙን ምልክት በየተራው መስመር እየገለበጠ ስህተቱ እርስ በርሱ እንዲጣፋ አደረገ። የፈረንሳዩ ሄንሪ ደ ፍራንስ ደግሞ ሴካምን አመጣ። ሁለቱም በ1967 በመደበኛ ስርጭት ላይ ዋሉ።

በ1982 ይህን ሁሉ ወደ ዲጂታል የሚያመጣ ስምምነት ወጣ፤ ባለሙያዎች ሬክ 601 የሚሉት ነው። ትልቅ ስኬት ነበር። በ13.5 ሜጋኸርዝ ናሙና መውሰድ ለአሜሪካውም ለአውሮፓውም የመስመር አቆጣጠር እኩል ስለሚመች ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ተገናኙ፤ በየመስመሩ 720 የሚታዩ ነጥቦችም የጋራ ሆኑ። የብርሃን ቀመሩ ግን ከ1953 እንዳለ ተወሰደ፦ 0.299፣ 0.587፣ 0.114። ፎስፈሩ ከገበያ ከጠፋ በኋላ ቁጥሩ ብቻውን ወደ ዲጂታሉ ዘመን ተሻገረ።

ኤችዲ ሲመጣ ነው ችግሩ የተወለደው። በ1990 የጸደቀው ሬክ 709 በዘመኑ ስክሪኖች ላይ ተመሥርቶ አዲስ ቀመር አወጣ፦ ለቀይ 0.2126፣ ለአረንጓዴ 0.7152፣ ለሰማያዊ 0.0722። ከዚያ ወዲህ ዓለም ለቀድሞው ጥራት አንድ፣ ለኤችዲ ሌላ ቀመር አላት። በ601 ቀመር የተሠራ ምስል በ709 ቀመር ከተፈታ ደማቁ ቀይ ወደ ብርቱካናማ ያደላል፣ ንጹሁ አረንጓዴ ይጨልማል። ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ግን ምንም አይሆኑም። ይህ ምልክት ለመርማሪው ትልቅ ስጦታ ነው፤ ግራጫው ሳይነካ ቀለሙ ብቻ ከዞረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማትሪክሱ፣ ማለትም የብርሃንና የቀለም ቀመሩ ነው።

ዛሬ ይህ ስህተት በብዛት የሚገባበት በር ይታወቃል። ባለሙያው ከኮምፖዚቲንግ ሶፍትዌሩ የፒኤንጂ ምስሎችን በተከታታይ ያወጣና ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ መሣሪያ ወደ ኤምፒ4 ይለውጣቸዋል። ትእዛዙ ውስጥ ስለ ቀለም ምንም ካልተነገረ መሣሪያው በልማድ የ601ን ቀመር ይጠቀማል፤ ፋይሉም ላይ መለያ አይጽፍም። ማጫወቻው በበኩሉ መለያ ሲያጣ የምስሉን መጠን አይቶ ይገምታል። 1920 በ1080 ከሆነ «ይህ ኤችዲ ነው» ብሎ በ709 ይፈታዋል። ሁለቱም በየራሳቸው ልማድ በትክክል ሠርተዋል፤ የደንበኛው ቀይ አርማ ግን ብርቱካናማ ሆኗል።

ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለችበት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 በጥቁርና ነጭ ተጀምሮ በ1984 ወደ ቀለም ተሸጋገረ፤ የተከተለውም የፓልን ሥርዓት ነው። የዚያ ዘመን የቴፕ ቅጂ ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ የሚያርፈው በ601 ቀመር ላይ ነው። ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ያንን ምስል ወስዶ በኤችዲ ሥራ መሐል ሲያስገባው ሶፍትዌሩ ምንጩን ካላወቀ የአሮጌው ምስል ቀለም ይዛባል፤ ተመልካቹም «ቴፑ አርጅቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከእርጅናው የተረፈውን ቀለም ያበላሸው ግን ያልተነገረው ቀመር ሊሆን ይችላል።

ጥቁሩ አመድ ሲመስል

የ1982ቱ ስምምነት ሌላም ነገር አውርሶናል። በ8 ቢት ከ0 እስከ 255 ያሉ 256 ደረጃዎች አሉ። መሐንዲሶቹ ግን ጥቁሩን 0 ላይ፣ ነጩን 255 ላይ አላስቀመጡም። ጥቁሩ 16፣ ነጩ 235 ሆነ። ምክንያት ነበራቸው። ከአናሎግ የሚመጣ ምልክት በማጣሪያ ውስጥ ሲያልፍ ከጥቁሩ ዝቅ፣ ከነጩ ከፍ ብሎ ይወዛወዛል፤ ቦታ ካልተተወለት ይቆረጣል። 0 እና 255 ደግሞ ምስሉን ለሚያቀናጁ የጊዜ ምልክቶች ተጠብቀው ነበር።

የኮምፒውተር ዓለም ይህን ታሪክ አልተካፈለም። ለኮምፒውተር ጥቁር 0፣ ነጭ 255 ነው፤ ኮምፖዚቲንግ ሶፍትዌሮችም የሚሠሩት በዚሁ ሙሉ ክልል ነው። ስለዚህ ኤክስፖርት ሲደረግ ሙሉው ክልል ወደ ቴሌቪዥኑ ጠባብ ክልል መጨመቅ፣ ሲታይ ደግሞ መልሶ መዘርጋት አለበት። ከሁለቱ አንዱ ከተዘለለ ምልክቱ ወዲያው ይታያል። የተጨመቀው ምስል ሳይዘረጋ ከታየ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ የደበዘዘ ይሆናል። ያልተጨመቀው ምስል እንደተጨመቀ ተቆጥሮ ከተዘረጋ ደግሞ ጥላው ይዋጣል፣ ብሩሁ ቦታ ይቃጠላል።

ይህኛው ስህተት የጠይም ሰው ፊት ላይ ይጨክናል። የጠይም ፊት ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በመካከለኛውና ከዚያ ዝቅ ባለው የብርሃን ደረጃ ላይ ነው። ጥላው ሲዋጥ የአገጭ መስመር፣ የጉንጭ አጥንት፣ የፀጉር ሽሩባ አብሮ ይዋጣል። በነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ የተቀረጸ ጠይም ተዋናይ አይቶ «ካሜራው ደካማ ነው» የሚል ተመልካች አንዳንዴ እያየ ያለው የካሜራውን ሥራ ሳይሆን ሁለት ጊዜ የተዘረጋ ምስል ነው።

ፊት ሲገረጣ

ከሁሉም በላይ ባለሙያዎችን ያሰለቸው ግን ጋማ ነው።

የካቶድ ሬይ ቲዩብ ስክሪን ላይ ብርሃን ከሚገባው ኤሌክትሪክ ጋር በእኩል አይጨምርም። ኤሌክትሪኩ በግማሽ ሲሆን ብርሃኑ ከግማሽ እጅግ ያንሳል። የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ይህን የሚያካክስ ማስተካከያ በየቤቱ ቴሌቪዥን ውስጥ ከመግጠም በካሜራው በኩል አንድ ጊዜ ማድረግን መረጡ፤ ወጪው በማይነጻጸር ሁኔታ ያንስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቪዲዮ ቁጥሮች ቀጥተኛ የብርሃን መጠን አይደሉም፤ ጋማ የሚባለውም ይህ በቁጥርና በብርሃን መካከል ያለው ኩርባ ነው። በ0 እና በ255 መካከል ያለው 128 ግማሽ ብርሃን ይመስላል፤ በ2.2 ጋማ ሲሰላ ግን ከሙሉው ብርሃን 22 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ሬክ 709 በ1990 ሲጸድቅ የጻፈው የካሜራውን ኩርባ ብቻ ነበር። ስክሪኑ በምን ኩርባ ያሳይ የሚለውን አልጻፈም። የዘመኑ ስክሪን ሁሉ ካቶድ ሬይ ቲዩብ ስለነበር ፊዚክሱ ራሱ ይወስነው ነበር፤ የሚጻፍ ነገር መኖሩም ለማንም አልታየውም። ጠፍጣፋ ስክሪኖች መጥተው ቲዩቡ ሲጠፋ ያልተጻፈው ደንብም አብሮ ጠፋ። ለስቱዲዮ ማሳያ የ2.4 ኩርባን የሚያስቀምጠው ሰነድ፣ ቢቲ 1886፣ የወጣው በ2011 ነው።

በዚያ የ21 ዓመት ክፍተት ውስጥ ሁሉም የራሱን ነገር ሠራ። በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ለኮምፒውተርና ለኢንተርኔት ኤስአርጂቢን አቀረቡ። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ከ709 ወሰዱ፤ ኩርባውን ግን ብሩህ ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ሞኒተር በሚስማማ መልኩ ወደ 2.2 አስጠጉት። የአፕል ማኪንቶሽ ከኅትመት ሥራ ጋር በነበረው ቁርኝት 1.8ን ይዞ ቆይቶ ወደ 2.2 የተሻገረው በ2009 ስኖው ሌፐርድ በተባለው ሥርዓቱ ነው። ዲጂታል ሲኒማ ደግሞ በ2005 በወጣው ዝርዝሩ ለጨለማ አዳራሽ 2.6ን መረጠ። አንድ ቪዲዮ፣ አራት ኩርባ።

በአፕል ቪዲዮ ማጫወቻ ስም «የኩዊክታይም ጋማ ሺፍት» እየተባለ የሚጠራው ስሞታ የዚህ ክፍተት ውጤት ነው። የማክ የቀለም አስተዳደር «709» የሚል መለያ ያለው ፋይል ሲያገኝ የካሜራውን ኩርባ ገልብጦ ያነበዋል፤ ይህም ወደ 1.96 የሚጠጋ ጋማ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ በ2.4 ሞኒተር የተስተካከለ ምስል እዚያ ሲከፈት ጥቁሩና ነጩ ባሉበት ይቆማሉ፤ መካከለኛው ግን ከፍ ይላል፣ ፊት ይገረጣል፣ ድባቡ ይሳሳል። የቀለም አስተዳደር በማይጠቀም ማጫወቻ ላይ ያው ፋይል ጠቆር ብሎ ይታያል። የቀለም ማስተካከያ ሶፍትዌሩ ዳቪንቺ ሪዞልቭ «ሬክ 709-ኤ» የሚል አማራጭ ያስገባው ለዚሁ ነው። ችግሩን ለማካካስ ምስሉን ራሱን ማጥቆር ግን ጉዳቱን ያሰፋዋል። በአንድ ማጫወቻ ላይ የተስተካከለ የመሰለው ቪዲዮ በቴሌቪዥን፣ በስልክና በሌላው ኮምፒውተር ሁሉ ይጨልማል።

ፊልም ወደ ኮምፒውተር ሲገባ

እስካሁን የተነገረው የቴሌቪዥን ታሪክ ነው። ኮምፖዚቲንግ ግን የተወለደው ከሲኒማ ነው፤ የሲኒማው ቁጥር ደግሞ ሌላ ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮዳክ ሲኒየን የተባለ ሥርዓት አቀረበ፤ የፊልም ኔጌቲቭን በስካነር ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ ከሥራ በኋላ መልሶ በፊልም ላይ የሚጽፍ ነው። በ1993 የዲዝኒ የ1937 ፊልም «ስኖው ዋይት» ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ ታደሰ። ሲኒየን የፊልሙን ጥቅጥቅነት በ10 ቢት ሎጋሪዝማዊ ቁጥር ይመዘግብ ነበር። ከ0 እስከ 1023 ባሉት ደረጃዎች ጥቁሩ 95፣ ተራ ነጭ ወረቀት የሚያርፍበት ደረጃ 685 ነበር። ከዚያ በላይ የቀረው ቦታ ለፀሐይ፣ ለመብራት፣ ለብልጭታ ተተወ። እንዲህ ያለ ፋይል ሳይለወጥ ከታየ ግራጫና ሕይወት የሌለው ይመስላል። የዛሬዎቹ ካሜራዎች የሎግ ቀረጻም የዚሁ ሐሳብ ተከታይ ነው፤ ስለዚህ ሎጉ ሳይፈታ የወጣ ቪዲዮ ዛሬም የሚያሳየው ያንኑ ግራጫ ፊት ነው።

ምስሎችን ማደራረብ ግን ሌላ ጥያቄ አስነሳ። በ1984 በሉካስፊልም የነበሩት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ አንዱ ምስል በሌላው ላይ እንዴት እንደሚደረብ የሚያሳየውን ሒሳብ አሳተሙ፤ ዛሬም ኮምፖዚቲንግ ሶፍትዌር ሁሉ የሚሠራው በዚያ ሒሳብ ነው። በገሃዱ ዓለም ሁለት መብራት ሲበራ ብርሃናቸው ይደመራል። የቪዲዮ ቁጥር ግን በጋማ የታጠፈ፣ የሲኒየን ቁጥር ደግሞ በሎግ የታጠፈ ነው፤ የታጠፉ ቁጥሮችን መደመር ብርሃንን መደመር አይደለም። ውጤቱ በጸጉር ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር፣ በደበዘዘ ጠርዝ ላይ ቆሻሻ የሚመስል ጥላ ነው። መፍትሔው ምስሉን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ብርሃን፣ ባለሙያዎች ሊኒየር ወደሚሉት መልሶ መሥራት፣ ሲወጣ ብቻ እንደገና ማጠፍ ነው። ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ በ2003 ለዓለም በነፃ የለቀቀው ኦፕን ኢኤክስአር የተሠራው እንዲህ ያለውን ብርሃን ሳይቆርጥ ለመያዝ ነው።

ሶፍትዌሮቹ ይህን ልማድ እኩል አልወረሱም። ኑክ በ1993 በዲጂታል ዶሜይን ስቱዲዮ ውስጥ ለፊልም ሥራ ተጸንሶ በ2007 ወደ ፋውንድሪ ኩባንያ የተሻገረ ነው፤ የሚሠራውም በሊኒየር ነው። አፍተር ኢፌክትስ በዚያው በ1993 በሮድ አይላንድ ፕሮቪደንስ ከተማ በነበረ ኮሳ በተባለ አነስተኛ ኩባንያ ተወለደ፤ በ1994 በአዶቤ እጅ ገባ። ያደገው ለቪዲዮና ለግራፊክስ ሠሪ ስለሆነ ተጠቃሚው በሊኒየር እንዲደምር ካላዘዘው ቁጥሮቹን እንደመጡ ይደምራል። አንድ ሰው በአንዱ የሠራውን የብርሃን ጮራ በሌላው ሲከፍተው መልኩ የሚለያየው ለዚህ ነው።

ሊኒየር ሥራ የራሱን ወጥመድም ይዞ መጣ። ሊኒየር ምስል እንዳለ ስክሪን ላይ ከታየ ይጨልማል፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ለዓይን ብቻ የሚሆን ኩርባ በመመልከቻው መስኮት ላይ ይደርባል። ይህ ኩርባ ፋይሉ ውስጥ አይገባም። ፋይሉን የሚጽፈው ክፍል የራሱ ምርጫ አለው። መስኮቱ በኤስአርጂቢ እያሳየ ፋይሉ በሌላ ከተጻፈ ባለሙያው ያየውና ደንበኛው የሚቀበለው ምስል ይለያያሉ። ኩርባው ሁለት ጊዜ ከተደረበ ምስሉ ይነጣል፤ ጭራሽ ከተዘለለ ይጨልማል። «ኤክስፖርቱ ቀለሙን ለወጠው» ከሚባሉት ጉዳዮች ስንቶቹ በእነዚህ ሁለት ምርጫዎች አለመመሳሰል የሚያልቁ እንደሆኑ ያየ ባለሙያ ሌላውን ሁሉ ከመነካካቱ በፊት እዚህ ይመለከታል።

የጋራ መዝገብ ፍለጋ

ትልልቅ ስቱዲዮዎች በአንድ ፊልም ላይ ሲሠሩ በየሶፍትዌሩ ያለው ልዩነት በገንዘብ ያስከፍላቸው ነበር። በሶኒ ፒክቸርስ ኢሜጅወርክስ በጄረሚ ሴላን መሪነት ከ2003 ጀምሮ የተሠራው ኦፕን ከለር አይኦ መልሱ ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የቀለም ለውጦች በየሶፍትዌሩ ሆድ ውስጥ ተደብቀው ከሚቀሩ በአንድ የጋራ መዝገብ ፋይል ይጻፉ፣ ሶፍትዌሮቹም ከዚያ ያንብቡ። በ2010 በነፃ ተለቀቀ፤ ሴላንም ለዚህ ሥራ በ2014 የአካዳሚውን የቴክኒክ ሽልማት ተቀበለ። ኦስካርን የሚሰጠው ይኸው አካዳሚ ለዓመታት የደከመበትን ኤሴስ የተባለ የቀለም ሥርዓት የመጀመሪያ ሙሉ እትም በ2014 መጨረሻ አወጣ። አፍተር ኢፌክትስም በ2023 ሁለቱን ተቀብሎ በውስጡ አካተተ።

እነዚህ ሥርዓቶች ግራ መጋባትን አላጠፉም፤ ጥያቄውን ግልጽ አድርገውታል። አንድ ምስል ሲገባ «ከየት መጣህ?»፣ ሲወጣ «ወዴት ትሄዳለህ?» ተብሎ መጠየቅ ግዴታ ሆነ። ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ከተሰጠ፣ ለምሳሌ ተራ የስልክ ፎቶ «ሊኒየር ነው» ተብሎ ከገባ፣ ቀሪው ሰንሰለት ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ውጤቱ አይድንም።

ዘመኑ ደግሞ አልቆመም። ከ2015 ወዲህ የአፕል ስክሪኖች ከ709 የሰፋ የቀለም ክልል ይዘው መጡ። መለያ የሌለው ቪዲዮ በሰፊው ስክሪን ላይ በዘፈቀደ ሲዘረጋ ሣሩ እንደ ፕላስቲክ ያብረቀርቃል፣ ፊት ይቀላል። በ2016 የወጣው ቢቲ 2100 ለኤችዲአር (ሰፊ የብርሃን ክልል ላለው ምስል) ሁለት አዳዲስ ኩርባዎች አጸደቀ፤ አንዱ ከዶልቢ ሥራ የመጣው ፒኪው፣ ሌላው ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ የሠሩት ኤችኤልጂ። ፒኪው እስከ 10,000 ኒት ብርሃን ይገልጻል፤ እንደ ተራ 709 ከተነበበ ግን እንደ ሎግ ቀረጻ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ከ1953 የጀመረው ዝርዝር ዛሬም እየረዘመ ነው።

በቴፕ ዘመን የነበረ ልማድ

በቴፕ ዘመን የነበረ አንድ ልማድ እዚህ ላይ መታወስ አለበት። በ1970ዎቹ በሲቢኤስ ላቦራቶሪ የተነደፉትና በ1978 መመዘኛ የሆኑት የቀለም መስመሮች በየቴፑ መጀመሪያ ይቀረጹ ነበር። ቴፑን የተቀበለ ሰው ፕሮግራሙን ከማጫወቱ በፊት መስመሮቹን አይቶ መሣሪያውን ያስተካክላል። ቴፑ የራሱን መለኪያ ይዞ ይጓዝ ነበር ማለት ነው። ፋይል ሲመጣ ያ ልማድ በአብዛኛው ቀረ። ቦታውን የወሰዱት ፋይሉ ውስጥ የሚጻፉ ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የቀለሞቹን መነሻ፣ ሁለተኛው ኩርባውን፣ ሦስተኛው ማትሪክሱን ይናገራል። «1-1-1» ማለት ሦስቱም 709 ናቸው ማለት ነው። «2» ማለት «አልተገለጸም» ነው፤ ይህን ያየ ማጫወቻ ከመገመት ሌላ አማራጭ የለውም። እነዚህ ቁጥሮች መለያ እንጂ ለዋጭ አለመሆናቸውም መታወቅ አለበት። በ601 የተሠራ ፋይል ላይ «709» ብሎ መለጠፍ ምስሉን 709 አያደርገውም፤ ስህተቱን ያጸድቀዋል እንጂ።

የታሪኩ ጥቅም ለምርመራው ነው። ግራጫው ደህና ሆኖ ቀለሙ ከዞረ የ1953ና የ1990 ቀመሮች ተጋጭተዋል። ጥቁሩና ነጩ ከቦታቸው ከተነቃነቁ የ16ና የ235 ጉዳይ ነው። ጥቁሩና ነጩ ቆመው መካከሉ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ጋማ ነው። ነጩ ንጹሕ ሆኖ ቀለሙ ሁሉ ከጎላ ወይም ከደበዘዘ የቀለሞቹ መነሻ አልተነገረም። ሁሉም ነገር ግራጫ ከሆነ ሎግ ወይም ፒኪው ሳይፈታ ወጥቷል።

ማንን እንደሚወቅስ ያልለየለት ባለሙያ ደግሞ አንድ የማያዳላ ዳኛ አለው። ኤክስፖርት ያደረገውን ፋይል በትክክለኛው መለያ መልሶ ወደ ኮምፖዚቲንግ ሶፍትዌሩ ያስገባውና ከዋናው ሥራ ጋር የሁለቱን ልዩነት ብቻ በሚያሳየው ዲፈረንስ ያወዳድረው። በመጭመቅ ከሚመጣ ጥቃቅን ልዩነት በስተቀር ጥቁር ብቻ ከታየ ፋይሉ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ የማጫወቻው ነው። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ጥፋቱ ኤክስፖርቱ ላይ ነው፤ ማጫወቻ መቀያየርም አያድንም።

ፊልም፣ ማስታወቂያና የሙዚቃ ክሊፕ የሚሠሩ ስቱዲዮዎች ይህን ሥራ ለአጋጣሚ ሊተዉት አይገባም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የምንጩ፣ የመሥሪያውና የመውጫው ከለር ስፔስ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ሦስቱ ቁጥሮችና የክልሉ ዓይነት (ሙሉ ወይም ጠባብ) ይላኩ። የቀለም መስመርና ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄድ የግራጫ መሰላል ያለበት አጭር ቪዲዮ በዚያው መንገድ አስቀድሞ ይውጣና ደንበኛው በሚያይበት ስክሪን ላይ ይፈተሽ። የዛሬው ፋይል ነገ የሌላ ሰው የታሪክ ክምችት ይሆናል፤ ያ ሰው በግምት እንዳይሠራ መለያውን ዛሬ ጻፉለት።